«አንድም ተማሪ ያላሳለፈ» ትምህርት ቤት ውስጥ የሚማረው ማን ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ወሬ አገሩን ያዳርሳል። «ይህን ያህል ትምህርት ቤት አንድም ተማሪ አላሳለፈም» የሚለው። በ2014 ዓ.ም. 1,161 ነበሩ። በ2015 1,328፣ በ2016 ደግሞ 1,363 ሆኑ። በ2017 ትንሽ ወረደና 1,249 ተባለ። በየዓመቱ እንደነግጣለን፣ መምህሩን እንወቅሳለን፣ ልጆቹን ሰነፍ ትውልድ እንላቸዋለን። ከዚያ ወሬው ይቀዘቅዛል።

ፈተናው መጥበቁን እደግፋለሁ፤ ይህ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ከ2014 ጀምሮ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲፈተን መደረጉ ኩረጃውን ወገቡን ብሎታል። ከዚያ በፊት ይወጣ የነበረው ውጤት ምን ያህል እንደሚታመን ሁላችንም እናውቃለን። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3፣ በቀጣዩ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ያማል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቶቹን ሁሉ በአንድ ረድፍ አሰልፈን «ዜሮ» ብለን ስንጠራቸው፣ ስንት ልጅ እንዳስፈተኑና ልጆቹ እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። በ2015 ከተፈተኑት 845,188 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 27,267 ናቸው፤ ከመቶ ሦስት ግድም። አሁን 30 ልጅ ብቻ የምታስፈትን አንዲት ትንሽ የወረዳ ትምህርት ቤት አስቡ። ልጆቿ ልክ እንደ አገሩ አማካይ ናቸው እንበል፣ አይበልጡም አያንሱም። ከእነሱ የሚጠበቀው ያላፊ ቁጥር አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ትምህርት ቤት በተማርነው ፕሮባብሊቲ ብናሰላው፣ ጭራሽ ማንም የማያልፍበት ዕድል 37 በመቶ ግድም ነው። በዚያው አማካይ 200 ልጅ የሚያስፈትን ትምህርት ቤት ግን ዜሮ የሚሆንበት ዕድል ከመቶ አንድም አይደርስም። ስለዚህ 200 አስፈትኖ ባዶ እጁን የቀረ ትምህርት ቤት ከባድ ችግር አለበት፣ ጥርጥር የለውም። 30 አስፈትና ዜሮ ያመጣችው ግን ችግር ሊኖርባትም ላይኖርባትም ይችላል። ዜናው ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለት ልጅ ብታሳልፍ ደግሞ ከአገሩ አማካይ በእጥፍ በለጠች ተብላ ይጨበጨብላታል፣ በዓመቱ እነዚያ ሁለት ልጆች የሉም፣ «ወደቀች» ትባላለች። ትምህርት ቤቷ ውስጥ የተለወጠ ነገር ላይኖር ይችላል።

ይህ የቁጥሩ ነገር ነው። የልጆቹ ነገር ይብሳል።

አንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ውስጥ አስተምሬያለሁ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት ልጆች ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። እሑድ ማታ ወይ ሰኞ ረፋድ ላይ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ፣ መንገዱ ደግሞ በእግር ነው። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ከሆነ ብዙ ወንበር ባዶ ነው፤ ስም ስትጠራ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ቀና ሳትል ታውቃለህ፣ ተከራዮቹ ናቸው። እንጀራው ቢበዛ እስከ ረቡዕ ይቆያል። ከዚያ ወዲያ ድርቆሽ ነው፣ ቆሎ ነው። ሐሙስ ከሰዓት እነዚያው ልጆች ክፍል ውስጥ አሉ፣ ደብተራቸውም ተከፍቷል፣ ዓይናቸው ግን ሰሌዳው ላይ አይደለም። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ጭራሽ የሚጠፉ አሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ማታ ቤቱ መብራት ካለው፣ አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የከተማ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣል፣ በአንድ ፈተናም ይለካል። መለካቱ ልክ ነው። ትምህርት ቤቱን ግን የትኛው ልጅ እንደሚበዛበት ሳታይ ልትለካው አትችልም።

ሴቶቹ ደግሞ ሌላ ሸክም አለባቸው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ያልተመለሰች ልጅ ለምን እንደቀረች ጠይቀህ የምትሰማው መልስ አንድ ነው። ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ማውጣት የጀመረችም ትኖራለች፣ ታናናሾቿን ልታስተምር። እነዚህ ልጆች ውጤቱ ላይ እንደወደቁ እንኳ አይቆጠሩም። ፈተናው ላይ አልተቀመጡማ!

የቋንቋውን ነገር በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙ ስለተባለበት። እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ 9ኛ ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። የከተማው ልጅ ከኬጂ ጀምሮ እንግሊዝኛ ይሰማል፤ የገጠሩ ልጅ ከክፍል ውጭ የሚሰማበት የለም። መጽሐፉ ለሁለት ለሦስት በሚታደልበት፣ «ፒዲኤፉን ከቴሌግራም አውርዱት» በሚባልበት ቦታ ደግሞ ስልክ የሌለው ልጅ ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል?

በሌላው ጫፍ ያሉት ሁሉንም አሳለፉ እየተባለ ስማቸው የሚነሳው ልዩና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። መቀሌ ያለውን ቃላሚኖን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ልጆቹም መምህራኑም ሊመሰገኑ ይገባል። ግን እነዚህ ልጆች ገና ሲገቡ ተመርጠው ነው የገቡት። አዳሪው ደግሞ እዚያው በልቶ እዚያው አድሮ ነው የሚያጠናው፣ ሐሙስ ቀን ስንቅ አያልቅበትም። የወረዳዋን ትምህርት ቤት ከዚህ ጋር አነጻጽሮ «እነሱ እንዴት ቻሉ?» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ሰበብ እየደረደርክ ነው፣ ድሃ ልጅም ጎብዞ ያልፋል» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ ያልፋል፣ እኔም አይቻለሁ። እንዲያውም የልጆቹ ሁኔታ ከውጤቱ ጋር አብሮ ይውጣ የምለው ለዚሁ ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ልጆች እያስተማሩ አንዱ ስምንት ልጅ ቢያሳልፍ ሌላው ምንም ባያሳልፍ፣ ያኔ ሄደን ስምንት ካሳለፈው ትምህርት ቤት መማር እንችላለን፤ የሌላውንም ርዕሰ መምህር አፍጥጠን መጠየቅ እንችላለን። ልጆቹ ከተሜ፣ መምህሩ የተሟላ፣ ላቦራቶሪው ያለ ሆኖ ዜሮ ያመጣ ትምህርት ቤት ዛሬ ከገጠሮቹ መሀል ተደብቆ ተቀምጧል። መረጃው ቢወጣ መጀመሪያ የሚያፍረው እሱ ነው።

መረጃ የለም እንዳይባል ደግሞ፣ ርዕሰ መምህሩ በየዓመቱ ቅጽ ይሞላል። የተማሪው ብዛት በጾታና በዕድሜ፣ መምህሩ በትምህርት ደረጃው ተቆጥሮ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ እያለ ትምህርት ሚኒስቴር ይደርሳል። ሚኒስቴሩም ዓመታዊ የስታቲስቲክስ ጥራዝ ያወጣል። ተከራይ ልጆችን መቁጠርም ከባድ አይደለም፤ ሆም ሩሙን ጠይቁት፣ በስም ይነግራችኋል።

እናም የሚቀጥለው ውጤት ሲገለጽ ከትምህርት ቤቱ ስም ጎን ጥቂት ዓምዶች ይጨመሩ። ስንት ተፈተነ፣ ስንቱ ሴት ነው፣ ስንቱ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው፣ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ዓመቱን ሙሉ ነበረ ወይ፣ በጸጥታ ችግር ስንት ሳምንት ተዘጋ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ስንት ገብቶ ዛሬ ስንቱ ተፈተነ የሚለው ይጻፍ፣ ለወንድም ለሴትም ለየብቻ።