ጥበቡ ክብሪቱ ላይ አይደለም

ነባር ሕዝቦች መሬታቸውን በእሳት ስለሚንከባከቡበት መንገድ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ሣር የሚያቃጥሉበትን ልማድ «ጥንታዊ ጥበብ» ብሎ አድንቆ ማለፉ ግን አልበቃኝም። ጥበቡ ያለው ጊዜውን ማወቅ ላይ ነው። በሰሜን አውስትራሊያ፣ በአርነም ላንድ፣ እሳቱ የሚለኮሰው ዝናቡ እንዳበቃ፣ ሣሩ ገና እርጥበት ሳለው ነው። ሌሊት ጤዛ ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይከስማል፤ ወደ ዛፉ አናት አይወጣም፣ እንስሳውም መሸሻ አያጣም። መሬቱ የተቃጠለና ያልተቃጠለ ሆኖ ይዥጎረጎራል። በበጋው ማብቂያ ኃይለኛው ሰደድ እሳት ሲመጣ የሚበላው ያጣል።

«ጭሱስ? የአየር ንብረቱስ?» ብለው ከጽሑፉ ሥር ለጠየቁት አስተያየት ሰጪ፦ ቀድሞ የተለኮሰው እሳት የሚያቃጥለው ጥቂት ስለሆነ የሚያወጣው ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድም (ምድርን የሚያሞቁ ጋዞች ናቸው) ያንሳል። በምዕራብ አርነም ላንድ ነባር የመሬት ጠባቂዎች የእነዚህን ጋዞች ልቀት በመቀነሳቸው ገንዘብ ማግኘት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ጽሑፉ ያልነካው ክልከላውን ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የራሷ ነባር ሕዝቦች መሬት እንዳያቃጥሉ በሕግ የከለከለችው በ1850 እ.ኤ.አ. ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ማንኛውም እሳት በታየ በማግስቱ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ይጥፋ የሚል መመሪያ አወጣ። ውጤቱ ጫካው ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የተከማቸ ማገዶ ነው። የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የካሩክና የዩሮክ ሴቶችም (ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል) ቅርጫት የሚሠሩበትን ሄዝል የተባለ ቁጥቋጦ ቀጥ ያለ ቀንበጥ አጡ፤ ቁጥቋጦው እሳት ካልነካው እንደዚያ ሆኖ አያቆጠቁጥምና። ካሊፎርኒያ በጥንቃቄ የሚያቃጥሉትን ከእሳት ማጥፊያ ወጪ ተጠያቂነት የሚከላከል ሕግ ያወጣችው ገና በ2021 ነው።