የእነዋሪን ማሳ ሳይቴሽን አይለካውም

ከሰሞኑ በዞናችን በሰሜን ሸዋ በተካሄደ አንድ የምርምር ግምገማ መድረክ ላይ የቀረበው ረቂቅ የምዘና መመሪያ ብዙዎቻችንን አስደንግጧል። ረቂቁ እንደሚለው ከዚህ በኋላ የአንድ ተመራማሪ የደረጃ ዕድገት፣ የበጀት ድርሻውና የውጭ ትምህርት ዕድሉ በዋናነት የሚወሰነው ሥራዎቹ ስኮፐስ በሚባል የመረጃ ቋት በተመዘገቡ ጆርናሎች ላይ በመውጣታቸው፣ በሳይቴሽናቸው ማለትም በሌሎች ጽሑፎች በተጠቀሱበት ብዛት፣ እንዲሁም የጽሑፎቹን ብዛትና የተጠቀሱበትን መጠን በአንድ ቁጥር በሚያጣምረው ኤች ኢንዴክሱ ይሆናል። ለአርሶ አደሩ የደረሰ ቴክኖሎጂ፣ በአማርኛ የተዘጋጀ የሥልጠና መመሪያና በማሳ ላይ የተካሄደ ሠርቶ ማሳያ «ተጨማሪ ተግባራት» በሚል ርዕስ ሥር ተጠቃለው እዚህ ግባ የማይባል ነጥብ ተሰጥቷቸዋል። ይህ ሳያንስ ረቂቁን ያቀረቡት ኃላፊ ያልተጠቀሰ ምርምር እንዳልተሠራ እንደሚቆጠር፣ ቁጥር ደግሞ ለማንም እንደማያዳላ ለተሰብሳቢው አስረድተዋል። ከተሰብሳቢው መካከል ያጨበጨቡም ነበሩ። በዚህ ዞን መሬት፣ በግና ባቄላ ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ ባለሙያዎች ባሉበት አዳራሽ እንዲህ ያለ ንግግር ሳይመለስለት መቅረት የለበትም።

ቁጥር አያዳላም በሚለው እንጀምር፤ ከቀረቡት መከራከሪያዎች ሁሉ ደካማው እርሱ ነውና። የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን የሚመርጠው ሰው ነው። ስኮፐስ ኤልሴቪየር የተባለው ግዙፍ የንግድ አሳታሚ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ ያስጀመረው የመረጃ ቋት ሲሆን፣ የትኛው ጆርናል እንደሚገባና የትኛው ውጭ እንደሚቀር የሚመክረውም ይኸው አሳታሚ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቦርድ ነው። ወደ ቋቱ የሚገባው ጽሑፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በአማርኛ ተጽፎ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ያለ፣ ጠርዙ እስኪላላጥ ድረስ የተገለጠ የባቄላ በሽታ መከላከያ መመሪያ በዚህ ቆጠራ ውስጥ ዋጋው ዜሮ ነው። አድልዎ ማለት ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

የሳይንስ ዘርፎችም እኩል አንባቢ የላቸውም። ጓሳ ላይ ጭላዳን የሚያጠና ሰው አንባቢዎቹ በመላው ዓለም ያሉ የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪዎች ናቸው፤ መንዝ ላይ የገብስ ማሳን ለምነት የሚያጠናው ግን ጥያቄው የሚመለከታቸው ተመራማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለቱም የተከበረ ሥራ ነው። አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍ ቢጠቀስ የሚነግረን የአንባቢውን ብዛት እንጂ የሥራውን ጥራት አይደለም። ኔቸር መጽሔት በ2014 እ.ኤ.አ. በዓለም እጅግ የተጠቀሱ 100 ሳይንሳዊ ጽሑፎችን ዝርዝር ሲያወጣ አንደኛ የሆነው የፕሮቲን መጠን መለኪያ ዘዴን የሚገልጽ የ1951 ጽሑፍ ነበር፤ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የዲኤንኤን ቅርጽ ለዓለም የገለጠው የ1953 ጽሑፍ ከመቶዎቹ ውስጥ እንኳ አልገባም። ሚዛኑ የዘመናችንን የሥነ ሕይወት ሳይንስ ያቆመውን ግኝት ከመቶ በታች ካስቀመጠ፣ በምን አንጀቱ ነው የሞላሌን በግ አርቢና የእርሱን ተመራማሪ በትክክል የሚመዝነው?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በሞረትና ጅሩ ወረዳ ስላለችው እነዋሪ መናገር እፈልጋለሁ።

የሞረትና ጅሩ ዋልካ አፈር ምን እንደሆነ ለአገሩ ሰው አይነገርም። በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ማረሻ ይይዛል፤ የተዘራበት ሰብል ሥሩ ታፍኖ ቢጫ ይሆናል። እንዲህ ያለ አፈር በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋማው ክፍል ይገኛል። በብዙ ቦታ ገበሬው ክረምቱን መሬቱን ባዶውን አሳልፎ፣ ዝናቡ ሲያበቃ በቀረው ርጥበት ሽንብራ፣ ጓያ ወይም ምስር ይዘራበታል። የእነዋሪ ገበሬ ግን ሌላ መላ ነበረው። መሬቱ ከታረሰ በኋላ ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው ጭቃውን በእጃቸው ከቦዩ እያፈሱ ወደ ጎን በመከመር ሰፋ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ ትርፉ ውኃ በቦዩ ይወርዳል፤ ስንዴውም በመደቡ ላይ ሥሩ ሳይታፈን ያድጋል። ቀኑን ሙሉ ወገብን አጉብጦ፣ ጣትን በዋልካ ጭቃ ውስጥ ነክሮ የሚሠራ አድካሚ ሥራ ነው፤ መሬቱ ግን ክረምቱን ጾሙን አያድርም።

ኢልካ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀውና በደብረ ብርሃንም ጣቢያ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ይህን የእጅ ሥራ በበሬ ጉልበት ለመተካት ተነሣ። ሁለት የአገር ማረሻ ተጣምሮ ዛሬ ባለሙያውም ገበሬውም ቢቢኤም የሚለው መደብ ማውጫ ተሠራ። ስለዚህ መሣሪያ በርካታ ጽሑፎች ወጥተዋል፤ እርስ በርሳቸውም ይጠቃቀሳሉ። በጽሑፎቹ ሐተታ ውስጥ እነዋሪ ትነሣ ይሆናል፤ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ግን የምትገባበት መስመር የለም፤ ጽሑፍ የሚጠቅሰው ጽሑፍን ነውና። የሐሳቡ ባለቤቶች የሆኑት፣ በእጃቸው መደብ ያወጡ የነበሩት ሴቶች ሳይቴሽናቸው ዜሮ ነው። ታሪኩ በዚህም አያበቃም። መሣሪያው ማሳ ላይ ሲወርድ ገበሬው ለበሬዎቼ ከብዷል አለ። ይህ አስተያየት በየትኛውም ጆርናል ገምጋሚ ከተሰጠ አስተያየት ይበልጣል፤ ለቀጣዩ ማሻሻያ መንገዱን የጠረገው፣ አይባርን የመሰሉ ቀለል ያሉ መደብ ማውጫዎች እንዲፈለጉ ያደረገው እንዲህ ያለ ቅሬታ ነውና። ታዲያ የቢቢኤም ምርምር ፋይዳ ምን ያህል ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከወዴት ያገኘዋል? በነሐሴ ስንዴ ከለበሰው ማሳ፣ ከጎተራው፣ ቀድሞ በእጇ ጭቃ ታፍስ ከነበረችው እናት ቀሪ ጉልበት ነው የሚያገኘው። ገበሬ የተስማማውን ቴክኖሎጂ ይዘራበታል፤ ያልተስማማውን ይተወዋል፤ ዋቢ አይጽፍም። ለግብርና ምርምር ከዚህ የከበረ ፍርድ የለም፤ አዲሱ መመሪያ «ተጨማሪ ተግባር» ብሎ የገፋው ግን ይህንኑ ፍርድ ነው።

በዚህ ብቻዋን አይደለችም እነዋሪ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የደረሱበት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው ነው። የጀመሩት ወንዝ ዳር ዝቅ ብሎ ከማየት ነበር። በዚህ ረቂቅ የሚተዳደር ወጣት ተመራማሪ ወንዝ ዳር የሚውልበት ጊዜ አይኖረውም፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚቆጠርለት ወንዙ አይደለምና።

የባቄላውን ነገርም እናንሣ። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የሰሜን ሸዋን ደጋ የመታው፣ ገበሬው ቆርምድ የሚለው በሽታ የባቄላን ቅጠልና ግንድ እያሳበጠና እያቆረፈደ ማሳ ሙሉ አዝመራ ያጠፋል። የበሽታው ምክንያት ኦልፒዲየም የሚባል ተሕዋስ ነው ተብሎ ለዓመታት ተጻፈ፣ ተጠቀሰም። ኋላ በዘረ መል ምርመራ ትክክለኛው መንስኤ ፋይሶደርማ መሆኑ ታወቀ። ሳይንስ በዚህ መንገድ ራሱን ያርማል፤ የቀደሙት ባለሙያዎች በያዙት መሣሪያ ያዩትን ጻፉ እንጂ አላጠፉም። ነገር ግን ቆጣሪው ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ። እርማቱን የሚጽፍ ሁሉ የተሳሳተውን ስም ለማንሣት ሲል የቀድሞውን ጽሑፍ ይጠቅሳል፤ ቆጣሪውም ትክክሉንና ስሕተቱን ሳይለይ ይደምራል። በ1998 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ወጥቶ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ሊያገናኝ የሞከረውና በ2010 የተሰረዘው ጽሑፍ፣ ለመነቀፍና ለመወገዝ ሲል ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ዘርፉን የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። ሳይቴሽን ውግዘትንም እንደ ምስጋና የሚቆጥር መለኪያ ነው።

የረቂቁ ደጋፊዎች ሲጠበቡ የሚያነሡት አንድ መከራከሪያ አለ፤ ቁጥር ከሌለ ዝምድናና ትውውቅ ይነግሣል የሚል። ዝምድና በየኮሚቴው መኖሩን አልክድም። ነገር ግን የሳይቴሽን ቆጠራ ዝምድናን መቼ አስወገደ? አንተ እኔን ጥቀሰኝ እኔም አንተን እጠቅስሃለሁ የሚል ውል ለመግባት ከስልክ በላይ ምን ያስፈልጋል? እጁን ባላሳረፈበት ጽሑፍ ላይ ስሙ እንዲገባ የሚለምን፣ አንዱን የመስክ ሙከራ ለአራት ጽሑፍ የሚሸነሽን፣ የራሱን ሥራ በየገጹ የሚጠቅስ ሰው በዚህ መመሪያ ተሸላሚ ነው። እከክልኝ ልከክልህ በዓለም አቀፍ ጆርናል ሲታተም ፍትሕ አይሆንም። በቃለ ጉባኤ ላይ ያለ አድልዎ ቢያንስ ይግባኝ ይባልበታል፤ በኤች ኢንዴክስ ውስጥ የተደበቀው ግን ሳይንስ ተብሎ ይከበራል። ከእጅ አይሻል ዶማ!

መለኪያዎቹን የፈጠሯቸው ሰዎች እንኳ በዚህ ልክ አልተመኩባቸውም። ዩጂን ጋርፊልድ የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚለካውን ኢምፓክት ፋክተር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ያዘጋጀው በሳይቴሽን ማውጫው ውስጥ የሚካተቱ ጆርናሎችን ለመምረጥ ነበር፤ ሰዎችን ለመመዘን መዋሉን በተመለከተም ራሱ አስጠንቅቋል። ኤች ኢንዴክስን በ2005 ያቀረበው የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ኸርሽ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ያመጣው መለኪያ ያልታሰበ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል በጽሑፍ ገልጿል። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠነሰሰውና በቀጣዩ ዓመት ይፋ የሆነው መግለጫ፣ በቅጥር፣ በዕድገትና በበጀት ውሳኔ የጆርናል ኢምፓክት ፋክተር የግለሰብ ሥራ መለኪያ እንዳይሆን ይጠይቃል። ስለ ምርምር መለኪያዎች አጠቃቀም የወጣው የ2015ቱ የላይደን ማኒፌስቶ ደግሞ ከአሥሩ መርሖዎቹ አንዱን ለአካባቢ ጠቃሚ የሆነ ምርምርን ለመጠበቅ አውሏል። በጽሑፍ ብዛት ዓለምን ስትመራ የነበረችው ቻይና ሳትቀር በ2020 በሳይቴሽን ማውጫ ላይ ከመጠን በላይ መመካትና ለታተመ ጽሑፍ ገንዘብ መሸለም እንዲቀር አዛለች። እኛ ሌሎች እያወለቁ የሚጥሉትን ልብስ አዲስ ነው ብለን ልንለብስ ነው? ዓለም አቀፍ ደረጃን እንከተል የሚሉ ሰዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አለማንበባቸው ያሳዝናል።

የሚያስጨንቀኝ ሥራ የሚጀምረው ወጣት ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ የሚመጣ ልጅ ፊቱ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንዱ ጣርማበር ላይ ሦስት ክረምት ቆሞ፣ ከገበሬው ጋር ዘር እየመረጠ፣ ምናልባት አንድ ጽሑፍ የሚያወጣበት መንገድ ነው። ሌላው ቢሮ ተቀምጦ ሌሎች የሰበሰቡትን መረጃ እያገላበጠ በዓመት ሦስትና አራት ጽሑፍ የሚያወጣበት ነው። መመሪያው ለሁለተኛው ማዕረግና ደመወዝ ሰጥቶ ለመጀመሪያው ባዶ ምስጋና ካስቀረለት፣ ልጁ ቢሮውን ቢመርጥ የምንወቅሰው እርሱን አይደለም። ያን ጊዜ የዋልካው ውኃ፣ የቆርምዱ መድኃኒትና የመንዝ በግ ዝርያ ምርጫ ባለቤት ያጣሉ፤ የዚህ ዞን ገበሬ በሚከፍለው ግብር የሚተዳደር ተቋም ለዚህ ዞን ገበሬ ጀርባውን ይሰጣል።

ስለዚህ ረቂቁ ለውሳኔ ከመቅረቡ በፊት መታረም አለበት። ሳይቴሽንና ኤች ኢንዴክስ የነጥብ መስጫ መሆናቸው ቀርቶ ገምጋሚው ከሚያያቸው መረጃዎች አንዱ ብቻ ይሁኑ። አመልካቹ እመዘንባቸው ብሎ የመረጣቸው ጥቂት ሥራዎች በዘርፉ ባለሙያዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበቡ፤ አንብቦ መፍረድ ያደክማል ብሎ ወደ ቁጥር የሚሸሽ ኮሚቴ ኃላፊነቱን ይልቀቅ። ማሳ ላይ ለዋለ ሥራ ከታተመ ጽሑፍ ያላነሰ ነጥብ ይሰጠው፤ ያን ሥራ የሚያዩትም የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ቴክኖሎጂውን የሞከሩ አርሶ አደሮች ራሳቸው በግምገማው ተቀምጠው ይሁን። እነዚህ ማሻሻያዎች ካልገቡ፣ በጉባኤው ድምፅ ያለን ሁሉ ረቂቁን መቃወምና ምክንያታችንም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር መጠየቅ ይኖርብናል።