በቀን አንድ በመቶ

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ዓሳ ጥብስ አዝዤ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጎልቼ ቆየሁ። ባለቤቱ ረስቶኝ እንዳይመስላችሁ፤ እየተማረ ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ሰክቶ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል የአሥር ደቂቃ የቢዝነስ ትምህርት ይከታተላል። ንጉሡ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። የሰማው የለም።

ይህን ትጋት የማያደንቅ ማነው? ድሮ ነጋዴ የሚኮነው አባት ሱቅ ተቀምጦ፣ ሚዛን ይዞ፣ አንድ ሁለቴም ከስሮ ነበር። ዘንድሮ ዕድሜ ለቴሌግራም! ጠዋት አንድ ጥቅስ፣ ማታ አንድ ቪዲዮ፣ ከሥሩ «ትክክል!» የሚል ኮሜንት፤ አለቀ።

እኔ በተለይ የቪዲዮ መምህራኑን የምወድላቸው ስሌታቸውን ነው። በየቀኑ አንድ በመቶ ብቻ ብትሻሻል በዓመቱ 37 እጥፍ ትሆናለህ ይላሉ። አልዋሹም፤ 1.01ን በራሱ 365 ጊዜ አባዙት፣ 37.78 ይመጣል። የእኛ ባለዓሳ ደግሞ አንድም ቀን ሳያስታጉል ሦስት ዓመት ሞልቶታል። በዚህ ሂሳብ ከ53,000 እጥፍ በላይ ተሻሽሏል ማለት ነው። ሲከፍት በሰዓት አንድ ቆሮሶ ዓሳ ይጠብስ ከነበረ፣ ዛሬ በሰዓት 53,000 ቆሮሶ ሊያወጣ ይገባዋል። ጣና እንዴት ይችለዋል? ለአሥጋሪው ሁሉ ታንኳ ሲታሰር ደንገሉ ከሥሩ ያልቃል። ጭሱ ዘጌን አልፎ ጎርጎራ ላይ ሰው ያስነጥሳል። አጥንቱ እምቦጩን ቀብሮ ያስቀረዋል፣ ያውም ያለ ዘመቻ! የከተማው ድመትም ጠግቦ አይጥ መያዝ ያቆማል፤ ይኸኔ ስለ አይጥ ሌላ የአሥር ደቂቃ ትምህርት ይወጣል።

ይህን ጠቢብ አንድ ቀን «አንዱ ሳህን ስንት ያተርፍልሃል?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እሱ ዝርዝር ነው፤ እኔ ማይንድሴት ላይ ነው የምሠራው።» ዓሳውን በስንት እንደገዛ ያውቃል። ዘይቱን፣ ከሰሉን፣ ኪራዩን ከዓሳው ጋር ደምሮ ግን አያውቅም። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ እንደ ፈረንጆቹ በ1494 የቬኒስ ነጋዴዎች ሂሳብ የሚይዙበትን ዘዴ አሳትሞ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ቪዲዮ አልሠራለትም።

ጓሮ ዓሳ የምታጸዳዋ ልጅ የሁለት ወር ደሞዟን አላገኘችም። ጣቶቿ በቅርፊት ተቆራርጠዋል። ብሩ የት ገባ ቢባል ሰውየው ከልቡ አያውቅም፤ አልጻፈውማ! እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። «በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃሃል» እያሉ ሰርተፊኬት የሚቸረችሩት ትንሽ እንኳ አያፍሩም? አምስት ደቂቃማ ይበቃል፤ ማታ ሱቅ ተዘግቶ፣ ደብተር ተገልጦ፣ የገባውና የወጣው ሲጻፍ። ግን ደብተር ላይክ አያስገኝም።

ዓሳው መጣ፤ አንድ ጎኑ አሯል። በላሁት፣ ምን ላድርግ። ሂሳብ ስል ሰውየው ስልኩን አየት አደረገ። ካልኩሌተሩ ያለው እዚያው ስልክ ላይ ነው፣ ትምህርቱ ደግሞ ገና አላለቀም።

«በግምት ይስጡኝ፣ ጋሼ» አለኝ።