የማይገባው ዳኛ

ሻርጃ ውስጥ ከሦስት የደቡብ እስያ ሰዎች ጋር ቤት የተጋራ ሐበሻ፣ ወደደም ጠላም፣ የክሪኬት ሽማግሌ መሆኑ አይቀርለትም። እኔ ለዚህ ማዕረግ የበቃሁት ጨዋታውን በማወቄ ሳይሆን ባለማወቄ ነው። የሙምባዩ ሕንዳዊ፣ የካራቺው ፓኪስታናዊና የኮሎምቦው ስሪላንካዊ የቤት ተጋሪዎቼ አንድ ዓርብ ማታ የዘመናት ሁሉ ምርጥ የክሪኬት ቡድን ሊያዋቅሩ ተቀመጡና ስድስቱን መቺዎች መምረጥ ላይ ሲደርሱ እርስ በርስ መተማመን ስላቃታቸው፣ «ባይ፣ አንተ ከማናችንም ወገን አይደለህም» ብለው አስታራቂ አደረጉኝ። «ባይ» ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ ነገሩ ሲከርር ይህችም ትቀራለች።

ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ በጠፍጣፋ ዱላ ይመታል፤ እንጨቶቹን ካስመታ ይወጣል። ትልቁ ዓይነት ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ በየመሃሉ ለምሳና ለሻይ ይቋረጣል፤ አንዳንዴም ያለ አሸናፊ ይበተናል፤ ይህ ደግሞ ስብሰባ ለለመደ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነብኝ ቁጣቸው ነው። እኛ ዱላ ይዘን ኳስ ስናሯሩጥ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን፤ እነሱ ግን ሳይጫወቱ ተቀምጠው ይቆጣሉ።

የመጀመሪያው ስም በአንድ ደቂቃ አለቀ። አውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን በ52 ግጥሚያዎች ያስመዘገበው አማካይ (ነጥቡ ሁሉ በወጣባቸው ጊዜያት ሲካፈል) 99.94 ነጥብ ሲሆን፣ ሌላው መቺ ሃምሳን ካለፈ ታላቅ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሊመታ ሲገባ አማካዩ ድፍን መቶ እንዲሆን አራት ነጥብ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ በሁለተኛው ኳስ ያለ ምንም ነጥብ ወጣ። ሦስቱም ይህን ሲያወሩ የገዛ አጎታቸውን ለቅሶ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። እኔ ግን የተስማሙት በቁጥሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ማናቸውም ሲጫወት አላዩትም፣ ወጥ ቤታችን ውስጥም አውስትራሊያዊ የለም። በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፣ ያለ ራስ ቁር ፈጣን ወርዋሪዎችን ይጋፈጥ የነበረው ቪቭ ሪቻርድስና በ2004 በአንድ ጊዜ 400 ነጥብ ያስቆጠረው ብራያን ላራም በሰላም ገቡ። ካሪቢያን ሩቅ ነው።

ሦስት ቦታ ቀረ፤ ሰዎቹም ሦስት ናቸው። እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደቡን ተካፍለው ሊነሱ በቻሉ ነበር፤ ግን ለእያንዳንዱ የራሱ ሰው መግባት አልበቃውም፣ የሌላው መውጣት ነበረበት። የሙምባዩ ሳቺን ቴንዱልካርን ይዞ ሚዛኑ ድምር ነው አለ፤ 200 ግጥሚያ፣ 15,921 ነጥብ። የኮሎምቦው ኩማር ሳንጋካራን ይዞ ሚዛኑ አማካይ ነው አለ፤ የሳንጋካራ 57.40 ከቴንዱልካር 53.78 ይበልጣላ! የካራቺው ጃቬድ ሚያንዳድን ይዞ ሁለቱንም ሚዛን ጣለና ሚዛኑ ወኔ ነው አለ፤ ወኔ ደግሞ በኪሎ አይለካም።

ከዚያ ወደዚሁ ወደ ሻርጃ ስታዲየም መጡ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1998 አሸዋ ያዘለ አውሎ ነፋስ ግጥሚያውን አቋርጦት ሲያበቃ፣ ቴንዱልካር አውስትራሊያ ላይ 143 አስቆጠረ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በ25ኛ ልደቱ 134 ጨምሮ ዋንጫውን አስወሰደ። የሙምባዩ እዚያው ነበርኩ ብሎ ይምላል። ነበርኩ ያለኝ ሰው ሁሉ በእርግጥ ከነበረ ስታዲየሙ ወደ ባሕር መግፋት ነበረበት፤ ግን አልፈርድበትም፣ በ1954 ዓ.ም. ግብጽን 4 ለ 2 ስናሸንፍ አባቱ ሜዳ ያልነበረ አዲስ አበቤ እኔም አላጋጠመኝም። የካራቺው ታሪኩን በትዕግሥት አስጨርሶ «በ1986ስ?» አለ። በዚሁ ሜዳ፣ በፍጻሜው፣ ፓኪስታን በመጨረሻዋ ኳስ አራት ነጥብ ሲያስፈልጋት ሚያንዳድ ሕንድ ላይ ኳሷን ከሜዳው ጠርዝ አሻግሮ ስድስት ነጥብ መታ። የሙምባዩ ሩዙ እንዳያር ብሎ ወደ ምድጃው ሄደ።

እኩለ ሌሊት ላይ ፍርድ ስጥ ተባልኩ። ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የነካው ሱኒል ጋቫስካር ነበር፤ በ1975 የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ 334 አስቆጥራ ሕንድ ልታሳድድ ስትገባ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይወጣ ቆሞ፣ 174 ኳስ ገጥሞ፣ 36 ነጥብ ያመጣው ሰው። ዕድሜውን በሰልፍ ያሳለፈ ሐበሻ እንዲህ ያለውን ጽናት ማክበር ይገባዋል ብዬ ስሙን ጠራሁ። የሙምባዩ የአገሬ ልጅ ነው ብሎ በደስታ ተቀበለ፤ የካራቺው ሕንድ የተሸነፈችበት ያ ቀን በየዓመቱ እንዲታወስ ፈልጎ ከእሱም በላይ በደስታ ተቀበለ።

የኮሎምቦው ብቻ ጣቶቹን ቆጠረና ዝም ብሎ አየኝ። ለሦስት ሰው የሚበቃውን ሦስት ቦታ ሁለት አድርጌው ኖሯል።