ሰኞ ጠዋት የሚመጣ የሆድ ቁርጠት

ክርክሩ የተነሣው በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ ሳለ ነበር። የ3ኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ያለቻት አንዲት እናት፣ ልጇ ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን ገና ስታይ ሆዷን ቆረጠኝ እያለች እንደምታለቅስ፣ ክሊኒክ ተወስዳ ሰገራዋም ደሟም ተመርምሮ ምንም እንዳልተገኘ፣ የትል መድኃኒት ብትወስድም እንዳልተሻላት፣ ቅዳሜ ግን ከሰፈር ልጆች ጋር ስትሯሯጥ እንደምትውል ተናገረች። አባትየው ወደ ዘጌና በሐይቁ ደሴቶች ወዳሉት ገዳማት ሰው የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ነጂ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ልጅቱ «አባዬ ደረሰ?» ትላለች፤ እናትየው ደውላ ድምፁን ታሰማታለች፤ ልጅቱ ትረጋጋለች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያንኑ ጥያቄ ትደግማለች።

መጀመሪያ የተናገሩት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «ልጄ፣ ይህ በሽታ ሳይሆን ብልጠት ነው። አንድ ቀን ቤት ስላስቀራችኋት መንገዱን ለመደችው። እኛ የሐይቅ ዳር ልጆች ዋና የተማርነው ከታንኳ ላይ እየተገፈተርን ነው፤ እያለቀሰችም ቢሆን ትሂድ» አሉ። ባለቤታቸው እማማ ደግሞ በዚህ አልተስማሙም። የሕፃን ነገር አይታወቅም፣ ዓይን ይሆናል፣ ጠበል ትወሰድ፣ እስኪሻላት ድረስ ትምህርቱ ይቆይ የሚል ነበር ምክራቸው።

በሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ አብራን ነበረች። እርሷ ምክር ከመስጠቷ በፊት ጠየቀች፤ እሑድ ማታ ምን ትሆናለች? ብቻዋን ትተኛለች? የቤት ሥራዋን እንዴት ትሠራለች? እናትየው እሑድ ማታ እራት አልበላም እንደምትል፣ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ጨብጣ ካልሆነ እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ አንዱን ቃል ደግማ ደጋግማ ጽፋ ስታጠፋ ወረቀቱ እንደሚቀደድ መለሰች።

«ሆዷ በእውነት ያማታል እንጂ እየዋሸች አይደለም» አለች ነርሷ። «አእምሮ አደጋ መጣ ብሎ ሲያስብ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ይመነጫል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ይልቅ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ አንጀትም ይታወካል። ይህን የሰገራ ምርመራ አያሳየውም።»

«እንዲህማ ከሆነ የማይፈራ ልጅ የት አለ?» አሉ መምህሩ።

ነርሷ በዚህ አልተከራከረችም። ሕፃን በስምንትና በዘጠኝ ወሩ ከባዕድ ሰው እንደሚሸሽ፣ እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ከእናቱ ሲለይ ማልቀሱ የተለመደ እንደሆነ፣ ከዚያም ጨለማና ጅብ የሚያስፈራው ጊዜ እንደሚመጣና እንደሚያልፍ አብራራች። የሚያሳስበው ፍርሃቱ ለሳምንታት ሳይለቅ ቆይቶ ከልጁ ሕይወት ላይ ትምህርቱን፣ እንቅልፉን፣ ምግቡን ወይም ጨዋታውን ሲወስድበት ነው፤ በተለይ ከወላጅ ለመለየት በመፍራት የሚመጣውን ጭንቀት በልጆች ላይ ለመለየት ባለሙያዎች ቢያንስ አራት ሳምንት መቆየቱን ያያሉ።

ቀጥላም ወደ ዋናው ጉዳይ ተመለሰች። «ጋሼ፣ ከታንኳ ከተገፈተሩት ውስጥ ከዚያ ወዲያ ውኃ ዳር ደርሶ የማያውቅ አልነበረም?»

መምህሩ ጥቂት አሰቡና «ታላቅ ወንድሜ» አሉ።

«እኔም ውኃው ይቅርባት አላልኩም፤ እግሯ መሬት ከሚነካበት ትጀምር ነው የምለው።» እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል አጥብቆ ይፈራ የነበረን አንድ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ከቅርብ እያሳየች፣ በመጨረሻ በእጁ እስኪዳስሰው ድረስ እንዳደረሰችው ነገረችን። ለእማማም እንዲህ አለች፦ «ጠበሉን አልነቅፍም፤ ቤት መቅረቱን ግን እቃወማለሁ። ቤት በቀረች ቁጥር ትምህርት ቤቱ በእውነት አደገኛ እንደነበረና ያተረፋት መሸሽዋ እንደሆነ ትማራለች። የስልኩም ነገር ከዚህ አይለይም።»

እናትየው ይህ ከበዳት። «ታዲያ እያለቀሰች ስልኩን ልደብቅባት?» አለች። ነርሷ ፍርሃቷን ሳታቃልል ወሰን እንድታበጅለት መከረቻት፦ «‹ነፋሱ እንደሚያስፈራሽ አውቃለሁ፤ 11 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ እንደውልለታለን፤ እስከዚያ አብረን እንቆያለን› በያት። መጀመሪያ ታለቅሳለች፤ አንቺ ግን ቃልሽን አትለውጪ።»

እኔ የነርሷን ሐሳብ እደግፋለሁ። መምህሩ ልጅቱ ትምህርት ቤት መሄድ አለባት ማለታቸው ትክክል ነው፤ ብልጠት ነው ማለታቸው ግን ይጎዳታል፤ ምክንያቱም አላምንሽም የተባለ ልጅ ሕመሙን መናገር ያቆማል እንጂ ሕመሙ አይተወውም። ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን እናትየው በመሐል የጣለችው አንድ ንግግር ነው። የክፍሉ መምህርት «አንድ ቀን አስቸግራኝ አታውቅም፤ ምነው ሁሉም እንደ እርሷ በሆኑ» ብላታለች። በእኛ ዘንድ የሚረብሽ ልጅ ወላጁ ወዲያው ይጠራበታል፤ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ፣ እጁን የማያወጣ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ፈቃድ መጠየቅ የሚያስፈራው ልጅ ግን በጨዋነቱ ይመሰገናል። የልጆች ጭንቀት የሆድና የራስ ምታት ሆኖ ክሊኒክ እስኪደርስ ድረስ ሳይታወቅ የሚቆየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በዚያ ላይ እኛው ራሳችን «ጅብ መጣልሽ»፣ «መርፌ አስወጋሻለሁ» እያልን ፍርሃትን የማሳደጊያ መሣሪያ አድርገነዋል፤ ይህ መቅረት አለበት።

ደግሞም ፍርሃት ሁሉ ከልጁ ውስጥ የሚመነጭ አይደለም። ክፍል ውስጥ ዱላ ካለ፣ በመንገድ የሚያስፈራራት ልጅ ካለ፣ ማንበብ አቅቷት የምታፍር ከሆነ፣ መወገድ ያለበት ያ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚህች ከተማ ተኩስ የሰማን ልጅ «ምንም የለም» ማለትም አይረዳውም፤ የሆነውን በልኩ ነግሮ፣ ዛሬ ማን እንደሚወስደውና ማን እንደሚመልሰው ማሳወቅ ይሻላል።

በዚህ ሁሉ ካልተሻላት በፈለገ ሕይወትም በጥበበ ግዮንም ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ እዚያ መሄድም ልጅቱን እብድ አያሰኛትም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ከ7 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 488 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ መጋፈጥን በሚያስተምረው የንግግር ሕክምና ብቻ ከታከሙት ወደ 60 በመቶ የሚሆኑት በግልጽ ተሻሽለዋል፤ መድኃኒት ሲታከልበት ቁጥሩ ወደ 81 በመቶ ከፍ ብሏል፤ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን የተሻላቸው 24 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

መምህሩ በመጨረሻ ያነሡት ተቃውሞ ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አንዲትን ልጅ ለይቶ መከታተል የማይቻል ነው የሚል ነበር። ችግሩን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን ለዚህች ልጅ የሚጠየቀው ያን ያህል አይደለም። ጠዋት በር ላይ ተቀብሎ እስከ ክፍል የሚያደርሳት አንድ ሰው ይኑር፤ ጮክ ብላ ማንበብን መጀመሪያ አጠገቧ ለምትቀመጠው ጓደኛዋ፣ ከሳምንት በኋላ ለዴስኩ ልጆች፣ ከዚያም ለመላው ክፍል ታድርገው፤ ስትሳሳትም የሚስቅባት እንዳይኖር መምህርቷ ትጠብቅላት። እናትየው ይህን ለመጠየቅ ነገ ጠዋት ልጇን ይዛ ትሂድ፤ ልጅቱም ያን ቀን ግማሽ ቀን ብቻ ብትማር እንኳ ቤት ከመቅረት ይሻላታል።