«እንኳን እነሱ፣ የሚያዩትም አልቻሉት»

ሰሞኑን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት በጠራው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት እጅ አውጥተው ጠየቁ። ልጃቸው ዓይነ ስውር ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ዝም ብሎ ተቀምጦ ደወል ይጠብቃል፣ ለምንድን ነው እንደ ጓደኞቹ የማይማረው? መድረክ ላይ የነበሩት የትምህርት ኃላፊ (ስማቸውንም መሥሪያ ቤታቸውንም አልጠራም፣ እንደዚህ የሚያስቡት እሳቸው ብቻ ቢሆኑማ ይሄን ባልጻፍኩ) ፈገግ ብለው «እናቴ፣ ሂሳብ ከዓይነ ስውራን ፈተና የወጣው ለልጅዎ ታስቦ እኮ ነው፤ እንኳን እነሱ፣ የሚያዩትም ሂሳብን አልቻሉት» አሏቸው። አዳራሹ ሳቀ። ሴትየዋም ቁጭ አሉ።

እሺ፣ የሚያዩት አልቻሉትም፣ እውነት ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ተማሪ ብቻ ነበር፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ተሻሻለ ተብሎ 5.4። ታዲያ ያኔ ማን ነው «ስለከበዳቸው ይቅርባቸው» ያለው? ማንም አላለም። ሪሚዲያል ተከፈተ፣ መምህራን ክረምት ላይ ስልጠና ገቡ፣ በየቴሌቪዥኑ የትምህርት ጥራት የትምህርት ጥራት ሲባል ከረመ። የሚያየው ልጅ ሲወድቅ ጥፋቱ የመምህሩ፣ የመጽሐፉ፣ የሥርዓቱ ነው፣ የማያየው ግን ገና ሳይማር ጥፋቱ የዓይኑ ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። የሶሻል ተማሪ ስድስት ትምህርት ተፈትኖ ከ600 ይያዝለታል፣ ማየት የተሳነው ግን ሂሳብ ወጥቶለት ከ500። ይሄ እንደ ትልቅ ውለታ ነው የሚወራው። ናቹራል ሳይንስማ ጭራሽ አይነሳም፣ አስራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ «ምርጫህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፣ ሶሻል ናቸው፣ አለቀ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሂሳብ የማይችሉት ስለማያዩ ከሆነ ኢኮኖሚክስ ለምን አልወጣላቸውም? ኢኮኖሚክስ መጽሐፉን የከፈተ ሰው ያውቀዋል፣ የፍላጎትና የአቅርቦት ግራፍ አለ፣ ኢላስቲሲቲ በፎርሙላ ይሰላል፣ ሠንጠረዥ በየገጹ ነው። ጂኦግራፊስ ካርታ የለውም? ስኬል አያሰላም? አፕቲትዩድ ውስጥስ ቁጥር የለም እንዴ? እና በየትኛው ሎጂክ ነው አንድ ልጅ የቀጥታ መስመር ኢኩዌሽን ሳይማር ቀርቶ የፍላጎት መስመር ሲያነሳና ሲጥል ውሎ እንዲፈተን የሚደረገው? መሠረቱን ነፍገውት ጣራውን ሥራ ይሉታል፣ ከዚያ ሲወድቅ «አይ፣ እነሱ እኮ አይችሉም» ይላሉ። ይሄን ያሰበበት ሰው የለም ማለት ነው። አስቦበት ከሆነማ የባሰ ነው።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች አነባለሁ። አንባቢ ነው የሚሉን፣ ትልቅ ሥራ አይደለም፣ መጽሐፉን ወይ በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ይዞ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፣ እነሱ በሞባይል ይቀዳሉ ወይ በብሬል ሰሌዳና በስታይለስ (ነጥብ መውጊያ) ብሬል ይጽፋሉ። አንባቢ ሁሉ የሚያደርጋትን አንዲት ነገር ልንገራችሁ፣ ግራፍ ጋ ሲደርስ «እዚህ ጋ ግራፍ አለ» ብሎ ይዘላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንዷ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን አላስኬደችኝም።

«ጋሼ፣ ግራፉ ምን ይላል?»

«አንድ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ወደ ታች ይወርዳል።»

«የት ጋ ነው የሚገናኙት?»

«እ... መሃል አካባቢ።»

«መሃል ስንት ነው? ዋጋው ስንት ሆነ ማለት ነው?»

የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ክር በኮላ ለጠፍን። ቁጥሮቹን በስታይለስ ከጀርባ ወግታ ነጥብ አወጣችላቸው፣ ኮላው እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ በጣቷ ሁለቱን ክሮች ተከትላ መገናኛውን አገኘችው፣ ወደ ታች ወርዳ መጠኑን፣ ወደ ግራ ሄዳ ዋጋውን ነገረችኝ። ቀጥላ ደግሞ ታክስ ቢጨመር የትኛው ክር ነው የሚነሳው ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔ ራሴ መጽሐፉን መልሼ ማየት ነበረብኝ። ካርቶን፣ ክር፣ ኮላ። በጀት ጠይቁልን አላልንም። ይቺ ልጅ እንግዲህ በመንግሥት አሠራር ሂሳብ የማይሆናት ልጅ ናት።

አንድ ልጅ ስላየህ ነው የምትሉኝ አውቃለሁ። ይሁን፣ ሌላ ልጨምር። ሌቭ ፖንትሪያጊን የሚባል ሩሲያዊ በ14 ዓመቱ ፕሪመስ (የጋዝ ምድጃ) ፈንድቶበት ዓይኑ ጠፋ። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ሂሳብ አያውቁም። ቁጭ ብለው የሂሳብ መጻሕፍት አነበቡለት፣ የማያውቁት ምልክት ሲመጣ ቅርጹን እያዩ «ጅራቱ ወደ ላይ»፣ «ጅራቱ ወደ ታች» እያሉ። ልጁ አድጎ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የሂሳብ ሊቃውንት አንዱ ሆነ፣ በስሙ የሚጠራው መርህ ዛሬ የሮኬትን መንገድ ለማስላት ጭምር ይሠራበታል። «ያ እኮ ሩሲያ ነው» እንዳትሉኝ፣ ያኔ እኚያ ሴትዮ የነበራቸው መሣሪያ ምን ነበር? ጊዜና አንደበት። አሜሪካዊው አብርሃም ኔሜትም ዓይነ ስውር ነበር፣ መጀመሪያ ሂሳብ አይሆንህም ተብሎ ሳይኮሎጂ ተማር የተባለ ሰው ነው፣ በኋላ ሂሳብን በብሬል የሚጻፍበትን ኮድ ራሱ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1952 አወጣው። ኮዱ ከተሠራ ሰባ ዓመት አልፎታል እና እኛ ዛሬም «በብሬል እንዴት ተደርጎ ሂሳብ ይጻፋል?» እንባባላለን።

ደግሞ ይሄ ነገር በተነሳ ቁጥር የሚያመጡት አንድ ስም አለ፣ የትነበርሽ ንጉሴ። «እሷ የት ደረሰች!» ይሉሃል። አዎ፣ ከሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ት/ቤት ተነስተው እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸላሚ ሆነዋል፣ እኔም እኮራባቸዋለሁ። ግን የሕግ ባለሙያ ናቸው። ከሳቸው ቀጥላችሁ የምትጠሩልኝም የሕግ ባለሙያ ነው፣ ወይ የቋንቋ መምህር፣ ወይ የታሪክ፣ ወይ ሶሲዮሎጂ የጨረሰ። ጥሩ ሙያዎች ናቸው፣ ችግሩ በር የተከፈተው እዚያ ብቻ መሆኑ ነው። አካውንታንት ጥሩልኝ እስቲ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ ጥሩልኝ። ኮምፒውተሩ እኮ አሁን ያናግራል፣ ኤንቪዲኤን የመሰለ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) በነፃ ይወርዳል፣ በሌላው ዓለም ዓይነ ስውር ፕሮግራመር ብርቅ አይደለም። እኛ ጋ ግን ልጁ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ገና ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቆርጠንበት አስራ ሁለተኛ ሲጨርስ የ«ዝንባሌ» ምክር እንሰጠዋለን።

የብሬል የሂሳብ መጽሐፍ እጥረት አለ፣ ይሄን አልክድም። ግን እጥረት ስላለ አይማሩ ማለትና እጥረቱን መሙላት ለየቅል ናቸው፣ ደግሞም የማይፈተኑበትን ትምህርት መጽሐፍ ማን ይገዛል? ሂሳቡን ከፈተናው ባወጣህበት ቀን እኮ መጽሐፉንም፣ መቁጠሪያ አባከሱንም፣ የመምህሩን ሥልጠናም አብረህ አወጣህ። ርዕሰ መምህሩን ብትጠይቀው «አይፈተኑበትም» ይልሃል፣ የሂሳብ መምህሩም እንደዚያው። ለዚህ ነው ለክፍሉ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ «ይሄ ከዚህ ጋር ተጣፍቶ ይሄ ይመጣል» እያለ የሚቀጥለው። ከፊት ወንበር ለተቀመጠው ልጅ «ይሄ» ማለት ምን እንደሆነ መናገር የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ኤክስ ብሎ መጥራት ብቻ ነው እኮ!

ሪሶርስ ሩም የሚባለውም አለ። እኔ የማውቀው ት/ቤት ውስጥ ያለው በሩ ላይ በሚያምር ጽሑፍ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ መስጫ ይላል፣ ቁልፉ ያለው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ጋ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ነው። ውስጡ አንድ ፐርኪንስ የብሬል መጻፊያ ማሽን አለ፣ ከተበላሸ ቆየ። በልዩ ፍላጎት ተመርቆ የተመደበው መምህር የዜግነት ትምህርት ያስተምራል፣ ክፍተት ስለነበረ እንዲሸፍን ተብሎ፣ ክፍተቱም አልሞላ እሱም አልተመለሰ። መስማት ለተሳናቸው ልጆችማ አስተርጓሚ የሌለበት ሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ እዚህ አልጀምረውም።

ሕግ እንደሆነ ሞልቷል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 ዓ.ም. አጽድቀናል፣ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፣ ለተማሪው እንደ ፍላጎቱ ማመቻቸት ይደረግለት ይላል። ትምህርቱ ይቀነስለት የሚል አንቀጽ ግን እኔ አላገኘሁም፣ ያገኘ ያሳየኝ።

ከነገ ጀምሮ ሁሉም ይፈተኑ እያልኩ አይደለም፣ ሳይማሩ ያለፉትን ልጆች ድንገት ፈተና ላይ መጣል ሌላ ግፍ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ይማሩ። የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ደግሞ አንዲት ሳጥን ትጨመር፣ «ሂሳብ እፈተናለሁ» የምትል፣ የሚፈልግ ምልክት ያደርግባታል፣ የማይፈልግ ከ500 ይያዝለት። ሳጥኗን ለመጨመር ጥናት፣ ግብረ ኃይል፣ ወርክሾፕ ምናምን አያስፈልግም። ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ይሁን ታዲያ፣ እንደ ሁልጊዜው ለከርሞ አትበሉን።