የተቀማችው ሳይክል ማን ግቢ ገባች?

ጎበዝ! የባሕር ዳር ሰው፣ የዘንዘልማና የሰባታሚት ሰው፣ እስቲ ዛሬ ጠንከር ብለን እንነጋገር። ነገሩ የሳይክል ነገር ነው። «ደግሞ ለሳይክል!» የሚል ካለ፣ በተለይ እሱን ነው የምፈልገው።

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት እያልን ስንኮራ ኖረናል። ኩራቱም የሐሰት አይደለም። መሬቱ ሜዳ ነው፣ መንገዱ ዘንባባ አለው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ ከተከፈተ ጀምሮ ስንቱ ሠራተኛ ፈረቃ የገባውም የወጣውም በሳይክል ነው። ልጅ ያሳደገች፣ ቤት ያሠራች ሳይክል አለች። ሴት ልጅ በሳይክል ስትሄድ ሌላው አገር ዞር ብሎ ያያታል፤ እኛ ዘንድ ማንም ዞር አይልም ነበር።

አሁን የምንሰማው ወሬ ግን ሌላ ነው። እገሌ ተቀማ። የእገሊት ልጅ ተገፍትራ ወደቀች፣ ስልኳም ሳይክሏም ሄደ። እኛስ ይህን ስንሰማ ምን እንላለን? «እሱንስ ምን አስመሸው?» እንላለን። አለቀ። ቡናችንን እንጠጣለን።

ምን አስመሸው! እንጀራ ነዋ ያስመሸው። የማታ ተማሪው ክፍል የሚወጣው ከመሸ ነው። የሆቴል አስተናጋጇ የመጨረሻው እንግዳ ካልተነሳ አትወጣም። ዘበኛው ሥራ የሚገባው ሌላው ሰው ቤቱ ሲገባ ነው። የጸጥታው ነገር እንዲህ ከሆነ ወዲህ ደግሞ መንገዱ በጊዜ ጭር ይላል፣ ባጃጅ ቢገኝም ዋጋው የቀን አበሉን ይበላዋል። ታዲያ ይህ ሰው በምን ይሂድ? ሴት ስትሆንማ ጥያቄው ይብሳል። «በዚህ ሰዓት ምን ትሠራለች?» ተብሎ ከተቀማችው ሳይክል ይልቅ የልጅቱ ጠባይ ይመረመራል። ቀማኛውን «ምን አስመሸህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኛ ቅሚያው መንገድ ላይ ተጀምሮ መንገድ ላይ የሚያልቅ ይመስለናል። ቀማኛው ሳይክሏን የሚወስደው ሊነዳት አይደለም፤ ሊሸጣት ነው። የሚሸጠው ደግሞ ለማን ነው? ጎንደር ድረስ አይወስዳትም። ለእኔና ለእናንተ ጎረቤት፣ ለደህና ሰው፣ ለባለ ትዳር፣ ለደመወዝተኛ ነው የሚሸጣት።

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ እቃ ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ሳይክልም ከውጭ የምትገባ እቃ ናት። ስለዚህ በግማሽ ዋጋ አንዲት ሳይክል ስትመጣ ልብ ይሸፍታል። ሻጩም ወሬ አያጥርበትም። «ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ ነው።» «ወረቀቱን ቤት ስንቀይር ጠፍቶብን ነው።» «ለመታከሚያ ተቸግሬ ነው እንጂ አልሸጣትም ነበር።» ገዢው ውስጡን እያወቀው ዝም ይላል። ከዚያ ለልጁ ይሰጣታል፣ ልጁም ትምህርት ቤት ይሄድባታል። የሌላ ሰው ልጅ በዚያው ሳምንት በእግሩ ይሄዳል።

እስቲ አንድ ጊዜ ጎንበስ በሉና ሳይክሏን ገልብጣችሁ እዩዋት። በአብዛኞቹ ላይ፣ ሁለቱ ፔዳሎች በሚገናኙበት ወፍራም ቱቦ ሥር፣ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ጭቃና ቅባት ስለሚሸፍነው አይታይም፣ በጨርቅ ስትጠርጉት ብቅ ይላል። የተሰረቀችው ሳይክል ላይ ያ ቦታ ይነግራችኋል። ሞረድ የነካው ብረት ያብለጨልጫል፣ ወይም እዚያ ቦታ ብቻ ቀለሙ ይወፍራል። ፍሬሙ በስፕሬይ ጥቁር ተቀብቶ ጎማው ውስጥ ያሉት ራጆች ላይ የጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ፣ የቀባው ሰው ጎማውን ለመፍታት እንኳ ጊዜ አልነበረውም ማለት ነው። አዲስ ፍሬም ላይ አሮጌ መቀመጫ፣ የፊቱ ጎማ ሌላ የኋላው ሌላ፤ ይሄ ሁሉ ይናገራል። ዓይን ያለው ያያል። ችግሩ የምናየው ዋጋውን ብቻ መሆኑ ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 682 ላይ ከወንጀል የተገኘ ንብረት መሆኑን እያወቁ መግዛትን፣ መደበቅን፣ ማሻሻጥን «መሸሸግ» ብሎ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። «እኔ ገዛሁ እንጂ አልሰረቅሁም» የሚለው መልስ ችሎት ፊት አያድንም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። ከሳይክል ላይ በኃይል ወይም በማስፈራራት ንብረቱን የተነጠቀ ሰው ጣቢያ ሲሄድ «ሳይክል ጠፋብኝ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ቶሎ ወረቀት ይዞ ለመውጣት ነው። አታድርጉት። በኃይል መቀማት በሕጉ ስርቆት ሳይሆን ውንብድና ነው፣ አንቀጹም 670 ነው፣ ቅጣቱም ይለያል። ተቀማሁ በሉ። የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደነበረ አስጽፉ። የሳይክሏን ቁጥር ደግሞ ዛሬውኑ፣ ሳትቀሙ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቁጥር የሌለው አቤቱታ «ጥቁር ሳይክል» የሚል ብቻ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ጥቁር ሳይክል ደግሞ ስንት አለ!

እናንተ ነጂዎችም ከተግሳጹ አታመልጡም።

ቀማኛ ቦታ ይመርጣል። የሚመርጠውም ፍጥነት የምትቀንሱበትን ቦታ ነው። ፍጥነት መቀነሻው ጉብታ፣ ኮብልስቶኑ የተነቀለበት መታጠፊያ፣ ክረምት ላይ ጭቃው፣ ወደ ቤዛዊት የሚወጣው ዳገት። ሳይክል በእግረኛ ፍጥነት ስትሄድ ሁለት ሰው ይበቃታል። አንዱ ከፊት «ወንድም፣ ሰዓት ስንት ነው?» ይላል። ሌላው ከኋላ እቃ መጫኛውን ጨብጦ ያቆማታል። ሰዓት የጠየቃችሁን ሰው እየነዳችሁ መልሱለት፣ ነውር የለውም። ስለመብራቱም ይህን እወቁ። በዲናሞ የሚበራ መብራት የሚበራው ጎማው ሲዞር ነው፤ ስትዘገዩ ይደበዝዛል፣ ስትቆሙ ይጠፋል። ብርሃን በጣም በሚያስፈልጋችሁ ቦታ ላይ ይከዳችኋል ማለት ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ጨምሩበት።

ስልኩንስ ምን እንበለው? በአንድ እጅ መሪ፣ በአንድ እጅ ስልክ፣ ጆሮ ላይ ኢርፎን። ከኋላ የሚመጣውን ሞተር አትሰሙም፣ ስልኩም ለነጣቂ ተዘርግቶ የቀረበ ነው። አስቸኳይ ከሆነ ሰው ያለበት ሱቅ ደጃፍ ቁሙና አውሩ። ቦርሳን በአንድ ትከሻ ማንጠልጠልም የሚያስፈራ ነገር ነው። ሞተር ላይ ያለ ሰው ማንገቻውን ሲጎትተው ቦርሳው ለብቻው አይሄድም፣ ባለቤቱም አብሮ አስፋልት ላይ ይነጠፋል። ከኋላ እቃ መጫኛው ላይ አድርጉትና በካላማዳሪ ቁራጭ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩት። አባቶቻችን የወተት ጀሪካን ያሰሩበት ዘዴ ነው፣ በሩጫ የሚፈታው የለም። ሁልጊዜ በአንድ መንገድ በአንድ ሰዓት አትሂዱ፤ አንድ አቅጣጫ የምትሄዱ የሥራ ባልደረቦች ከሆናችሁ ተጠባብቃችሁ ውጡ። ጠዋት በጨለማ ለቅዳሴም ለስፖርትም የምትወጡ እንዲሁ።

አሁን ደግሞ ለወንዶቹ። «ጎጃሜ ንብረቱን አሳልፎ አይሰጥም» የሚለውን ፉከራ እዚያው ለሠርግ አቆዩት። ቢላ ከወጣ ስጡ። ሳይክሏን ወደ እነሱ ገፋ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሽሹ፣ ከዚያ ብርሃንና ሰው ወዳለበት ሮጣችሁ ጩኹ። ከተወሰደች በኋላም ብቻችሁን ጨለማ ውስጥ አታሳድዱ። ሳይክል ይገዛል፣ በዱቤም ቢሆን ይገዛል። የተወጋ ሆድ ግን የቤተሰብ ሁሉ ዕዳ ነው። ልጆቻችሁንም እንዲህ ብላችሁ ምከሩ፤ «ሳይክሏን ጥለህ ከመጣህ እገድልሃለሁ» ብሎ ልጅ የሚልክ አባት አለና ነው ይህን የምለው።

ጩኸቱ ሲሰማስ እኛ የት ነን? በር እንዘጋለን። መብራት እናጠፋለን። ድሮ በአገራችን ንብረት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። አገሬው አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ያየ ያየውን እስኪናገር ድረስ አይበተንም። አውጫጭኝ ይመለስ አላልኩም፤ እሱም የራሱ ግፍ ነበረው፣ ምንም ያላየ ገበሬ ከእርሻው ተይዞ ቀናት ይውል ነበር። ግን አንድ ነገር ነበረው። የአንዱ መሰረቅ የሁሉም ጉዳይ ነበር። ዛሬ እድር አለን፣ በቴሌግራምም በሰፈር ተሰባስበናል፣ ግን የምንላላከው የበዓል ካርድ ነው። የሰፈሩ ሰው ጩኸት ሲሰማ የውጭ መብራቱን አብርቶ፣ ሰብሰብ ብሎ ቢወጣ፣ ቀማኛ ያን ሰፈር ሁለተኛ አይመርጠውም። መንጠቅ የሚችለው ጨለማ ተከልሎ ነው።

ስንወጣ ደግሞ ሌላ በሽታ አለብን። «ሌባ ተያዘ!» ሲባል፣ ቅድም በር የዘጋው ሁሉ ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይደበደባል። የተያዘው ልጅ ምናልባት የሮጠው እሱም ፈርቶ ቢሆንስ? ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ሌባ ነው» ማለትም ያው ድንጋይ ነው። ይዛችሁ ለፖሊስ አስረክቡ፣ ያያችሁትን ለመመስከር ስማችሁን ስጡ። ምስክር ጠፍቶ የሚለቀቅ ቀማኛ በሰፈሩ ሲንጎራደድ እያየን «ፖሊስ ምን ይሠራል!» እንላለን። መስካሪውስ የት ሄዶ ነው?

ለሹሞቹ የምለው ጥቂት ነው። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፣ የብስክሌት መንገድም ተሠርቶለታል። ደስ ይላል። ሳይክል ነጂው ግን ድልድዩ ላይ አያድርም፤ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፣ የሚቀማውም እዚያ ነው። የውስጥ ለውስጡ መንገድ መብራት ሲቃጠል ወር አታስቆጥሩበት። ነዋሪውም እንደዚሁ፣ አምፖል እስኪቀየር እጁን አጣጥፎ አይጠብቅ፤ ደጃፉ ላይ አንድ አምፖል የመስቀል አቅም የሌለው ግቢ ብዙ አይደለም።

የቀራችሁ እናንተ ናችሁ፣ ጎማ ጠጋኞችና ሳይክል ሠሪዎች። ከፖሊስም ከዳኛም በፊት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የሰፈራችሁን ሳይክል ከነባለቤቱ ትለያላችሁ፣ በጩኸቷ የምትለዩአትም አለች። ታዲያ አንድ የማታውቁት ጎረምሳ ገና በጠዋቱ «ቶሎ ቀለሟን ቀይርልኝ፣ የፊቱን ጎማ በሌላ ለውጥልኝ» ብሎ ሲመጣ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ይገባችኋል። የሚከፍላችሁ የአንድ ቀን ምሳ ነው። አትቀበሉት። «ወረቀቷን ይዘህ ና» በሉት፣ ተራ እንዳለባችሁ ንገሩትና ነገ ቀጥሩት፣ ቁጥሯን አንብባችሁ ያዙ፣ ከዚያ ጣቢያ ደውሉ። ጎረምሳው ነገ ካልመጣ እናንተ ምንም አልጎደለባችሁም። ከመጣ ደግሞ ፖሊሱ ቀድሞት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።